ያለ እኔ የሚበላ ቤት

በእኛ ቤት ቀላል ምግብ የሚባለው ለሚበላው ሰው ቀላል የሆነ ምግብ ነው። ይቀርባል፣ ይበላል፣ እጅ ይታጠባል፣ አለቀ። ከዚያ በፊት ያለው መልቀም፣ መቁላት፣ ማስፈጨት፣ መንፋት፣ በእርጥብ እንጨት ጭስ እያለቀሱ ማብሰል፣ ይህ ሁሉ እንደ ዝናቡ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነገር ተደርጎ ይወሰዳል። ወጡን ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው ጨው ሲጎድል ብቻ ነው።

ይህን ልብ ያልኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ወደ ቢቸና በተመለስኩበት ክረምት ነው። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንግዲህ ክረምቱን አርፈሽ ውጤትሽን ጠብቂ» ይለኛል። ክረምት የማረፊያ ጊዜ ነው ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ጤፍ ዘርቶ እንደማያውቅ ግን እርግጠኛ ነኝ። በሐምሌ ይታረሳል፣ ይዘራል፤ በነሐሴ ይታረማል፤ በዚሁ መሃል ጾሙ ይገባል፤ ጭቃው ከበር እስከ ምድጃ ይከተልሻል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ልጆች እንዲያርፉ ሳይሆን ወላጆች የሚያዙት ሰው እንዲያገኙ ነው።

በሐምሌ መጀመሪያ ሞጣ ያለችው እህቴ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ደረሰች። እናቴ ቅቤውን፣ የገንፎ ዱቄቱን፣ አብሹን ጠቅልላ ልትደርስላት ሄደች። ስትወጣ የተናገረችው አንድ ነገር ነበር፤ ልጁ ክርስትና ሳይነሣ አልመለስም። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ማለት ነው። አርባ ቢሆን ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ትመጣልኝ ነበር። ስልኩ እስኪደወል ድረስ ወንድ እንዲሆን ከስለት ያልተናነሰ ነገር አድርጌአለሁ። ሴት ሆነች። አሁን በጣም እወዳታለሁ፤ ያኔ ግን ፊቷን እንኳ ሳላየው አርባ ቀን የጨመረችብኝ ልጅ ነበረች።

ቀኑን እንዲህ የምቆጥረው በምክንያት ነው። ሞጣ፣ ከእህቴ ቤት ፊት ለፊት፣ የሞባይል ጥገና ሱቅ ያላት ሴት አለች። በፋሲካ ሄጄ ሳለ የተሰነጠቀ ስክሪን ስትቀይር አጠገቧ ቆሜ ከሰዓቱን ሙሉ አሳልፌአለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ያን ያህል ዝም ብዬ ቆሜ አላውቅም። ሥራ የምትለማመድ ልጅ እንደምትፈልግ ያኔ ነግራኝ ነበር። አሁን በእህቴ በኩል መልእክት ላከች፤ ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ከመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው፣ ካልመጣሽ ሌላ ልጅ አለች። የፈተና ውጤቴ ምን ሆኖ እንደሚመጣ እኔ ቀድሜ አውቄዋለሁ፤ ወረቀቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። ከዚያች ሱቅ በቀር የሚጠብቀኝ ቦታ አልነበረም።

ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ በእርሻም ሆነ በንግግር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ከቦት ጫማቸው ላይ ጭቃውን በእንጨት እየፋቁ ሰሙኝና፣ «እናትሽ እስክትመለስ ይህን ቤት ማን ያበላዋል?» አሉ።

«ራሱ ይብላ» አልኩ።

ወንድሜ ከወዲያ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። ፍቀው ሲጨርሱ፣ «ቤቱ ያላንቺ መብላት ከቻለ ሂጂ» አሉ።

ይህ በእኛ አገር «አትሄጂም» የሚባልበት የጨዋ መንገድ ነው። እኔ ግን እንደ ውል ያዝኩት።

«ቤቱ» የተባለው እናቴ ከሄደች በኋላ ሁለት ወንድ ነው። አንዱ አባቴ ናቸው፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ ወጥ ቤት የገቡት ጣሪያው ሲያፈስ ብቻ ነው። ሁለተኛው በሦስት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ነው። ባጃጅ ይነዳል። የባጃጁን ሞተር ፈትቶ፣ በቤንዚን አጥቦ፣ መልሶ ይገጥመዋል፤ ምድጃ ላይ የተጣደ ውሃ ሲንተከተክ ግን «ነይ፣ ፈላ» ብሎ ይጠራኛል። እንጀራውን እንኳ መንደራችን ውስጥ ጋግራ ከምትሸጥ ሴት መግዛት ይቻላል። የቀረውን ሁሉ እነዚህ ሁለት ሰዎች ሳያስቡ ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ማድረግ ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ድርቆሽ ነበር። እንጀራውን አድርቀሽ በጆንያ ካስቀመጥሽ በፈለግሽ ቀን በቲማቲም ወይም በወጥ አርሰሽ መብላት ነው። ማንም ወንድ ሊያበላሸው አይችልም። ድርቆሽ ፀሐይ እንደሚፈልግ ግን ረስቼ ነበር፤ በሐምሌ ቢቸና ላይ ፀሐይ የሚታየው በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ አሰጣሁት። ደረቀ። ወንድሜ አንዱን ቆርሶ አኘከና፣ «ይሄ ምግብ ነው ወይስ የጣሪያ ጥላሸት?» አለ። ለበግ ሰጠነው። በጉም አሰበበት።

ከዚያ ወደ በሶ ዞርኩ። ገብሱን ቆልቼ አስፈጨሁ። ሽሮውን ከነቅመሙ አዘጋጅቼ በትልቅ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሞላሁት። የገብስ፣ የሽምብራና የሱፍ ቆሎ ቀላቅዬ በር አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ፤ በዝናብ ርሶ የሚገባ ሰው ልብሱን ሳይቀይር የሚዘግነው እንዲያገኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ቆሎ እጠብሳለሁ። ስኳር ጣል አድርጌበት ስለነበር ከቤት ይልቅ ባጃጁ ውስጥ ያልቅ ነበር፤ ወንድሜ ለተሳፋሪ ሁሉ «ቅመሱ» እያለ ከገበያ እስከ መናኸሪያ ያዳርሰዋል። ድንች ቀቅሎ በአዋዜ መብላት ደግሞ ማስተማር የማያስፈልገው መስሎኝ ነበር። ያስፈልጋል። ወንድሜ ድንቹን ከመቀቀሉ በፊት ላጠው፤ ከተቀቀለ በኋላም የሚላጥ ነገር ፈለገ።

ስለዚህ ጻፍኩለት። ከሒሳብ ደብተሬ ያልተጻፈበት ገጽ ገነጠልኩ፤ ብዙ ነበር። በትልልቁ ጽፌ ከምድጃው ፊት ለፊት በሊጥ ለጠፍኩት። በሶ፦ ዱቄት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ጨው፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ማሸት። ሽሮ፦ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ውሃ፣ ሲፈላ ዱቄቱን እያማሰሉ መነስነስ፣ ጨው፣ መጠበቅ። «መጠበቅ» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አሰመርኩ፤ ወንድሜ መጠበቅ አያውቅም።

እናቴ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ከሞጣ ትደውላለች። ስለ አራሷ የምትነግረኝ ጥቂት ነው፤ የምትጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ነው። ምን በሉ? በሶ አልኳት። ትናንትስ? ድንች። ከትናንት ወዲያስ? ሽሮ፣ ግን የሠራው እሱ ነው። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ድምጿ መጣ።

«ቤቴን የቆሎ ተማሪ ማደሪያ አደረግሽው?»

ስልኬ ድምፁ ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ያኔ ለመጠገን አልቻልኩም ነበር። አባቴ ሰሙ። ወንድሜ በዚያን ሰዓት በሶ ሊያሽ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ ውሃውን ባንድ ጊዜ ገልብጦበት ዱቄቱ ጓጉሎ፣ ግማሹ እንደ ጠጠር፣ ግማሹ እንደ ጭቃ ሆኖበታል። አባቴ መጡና ሳህኑን ከእጁ ወሰዱ። ከደረቁ ዱቄት ጨመሩበት። ውሃውን በመዳፋቸው እያንጠባጠቡ፣ በአንድ እጃቸው ብቻ፣ ሳህኑን በጉልበታቸው ደግፈው አሹት። ሲጨርሱ ሳህኑ የታጠበ ይመስል ነበር። በሶውን አድበልብለው ለወንድሜ መልሰው ሰጡት።

አባቴ በወጣትነታቸው ሰባት ዓመት የቆሎ ተማሪ እንደነበሩ፣ በየደብሩ እየተዘዋወሩ ቅኔ ሲቆጥሩ ኖረው ድንገት ትተው ወደ እርሻ እንደተመለሱ አውቃለሁ። እንደ ታሪክ ነበር የማውቀው። በዚያ ሰባት ዓመት ውስጥ ምን ይበሉ እንደነበር ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

«ይችላሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«ታዲያ ሰባት ዓመት ማን የሚያበላኝ መስሎሽ ነበር?»

«ከዚያ በኋላስ?»

አባቴ እጃቸውን ተመለከቱ። «ከዚያማ እናትሽ መጣች» አሉ።

ብዙ ነገር መናገር እችል ነበር። ውሉን ላለማበላሸት ዋጥኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜን የሚያስተምሩት ሁለት ሆንን። እኔ እጮሃለሁ፣ አባቴ እጁን ይመታሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የማይጓጉል ሽሮ መሥራት ቻለ። ችግሩ ወሬው ባጃጅ ተራ መድረሱ ነው። ጓደኞቹ ገና ከሩቁ ሲያዩት «እሜቴ፣ ዛሬስ ምን ሠርተሽ መጣሽ?» ይሉታል። አንዱማ ነጠላ ይዞ ጠበቀው። ወንድሜ ተናዶ ለሦስት ቀን ምድጃ አልነካም አለ። አራተኛው ቀን ላይ እኔ ሆነ ብዬ ምንም ሳልሠራ ጠበቅኩ። ዝናቡ ደብድቦት ገባ፤ ቆርቆሮዎቹን እያየ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረ። ረሃብ ከእኔ የተሻለ አስተማሪ ነው፤ አይጮህም።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። ፍልሰታ ሲሆን በቢቸና የማይጾመው ሕፃንና የታመመ ብቻ ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ በጭቃው ላይ እየዘለለ፣ ሊቆርብ ሲሄድ ታያለሽ። ቤታችን ደግሞ ከቅዳሴ መልስ፣ በዘጠኝ ሰዓት ነው የሚበላው። ምግቡ እንግዲህ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መድረስ አለበት፤ የሚሠራው ሰው ጾም ላይ ነው፤ ጾም ላይ ያለ ሰው አይቀምስም። እናቴ ጨው በእጇ ሚዛን ታውቅ ነበር። ከወጡ በላይ እጇን ታንዣብባለች፣ ትበትናለች፣ አበቃ። እኔ ያንን እጅ አልወረስኩም። የፍልሰታ የመጀመሪያ ሦስት ቀን ጨው የሌለው፣ ጨው ብቻ የሆነ፣ እንደገናም ጨው የሌለው ሽሮ በላን።

ያዳነችን ነርሷ ናት። ከወሎ ተመድባ መጥታ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ በግቢያችን አንዲት ክፍል የተከራየች ሴት ናት። ሙስሊም ናት። በአራተኛው ቀን ማማሰያውን ይዤ በሯ ላይ ቆምኩና ቅመሺልኝ አልኳት። ጥርጣሬዋን በዓይኗ አየሁት፤ ሥጋ የነካው እንዳይሆን ተጠንቅቃ ነው። ሥጋ የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ ሽሮና ዘይት ነው አልኳት። ቀመሰች። አሰበች። «ጨውሽ ፈሪ ነው፤ ትንሽ አደፋፍሪው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከምሳ ወደ ሥራ ከመመለሷ በፊት በምድጃችን በኩል ታልፋለች። ወንድሜ ሲሠራ እኔ ከሠራሁት ይበልጥ ታመሰግነዋለች፤ ሆነ ብላ ነው። እኔ ደግሞ አባቴ ቢሰሙ ምን ይላሉ እያልኩ ስፈራ ቆየሁ። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃሉ። አንድ ቀን ለጎረቤት ሰው ሲናገሩ ሰማኋቸው፤ አትቅመስ የተባለው ጾመኛው እንጂ ተከራዩ አይደለም ሲሉ። ያ የሰባት ዓመት ትምህርት ለዚህ ጠቀመን።

እንዲህ እንዲህ እያልን የአረም ቀናችን ደረሰ። የጤፍ አረም አንድ ቤተሰብ ብቻውን የሚችለው ሥራ አይደለም፤ በወንፈል ነው፣ እኛ ለእነሱ ሄደን እንዳረምን እነሱ በተራቸው ይመጡልናል። ሃያ ያህል ሰው። የወንፈል ምግብ ዝም ብሎ ምግብ አይደለም፤ የቤቱ ስም ነው። ጎረቤቶቻችን በበልግ የበሉትን የሰው ቤት ወጥ እስከ ገና ድረስ ያወሩታል። አባቴ ከቀናት በፊት ጀምረው አንድ ነገር ብቻ ይደጋግሙ ነበር፤ በሶ ይኑር፣ ድንችም ይኑር፣ ግን ወጥ ይታይ። እናቴም ከሞጣ ደውላ ይህንኑ አለች፤ እሷ ግን ጨምራ፣ የቤቷን ስም ካሰደብኩ ሞጣን በካርታም እንደማላያት ነገረችኝ።

እኔ ቀኑን እንደ ፈተና ነበር ያየሁት፤ የመጨረሻውና የማልወድቀው ፈተና። ሐሳቤ እንዲህ ነበር። ሁሉንም ወንድሜ ይሠራል። እኔ ማልጄ ከአራሚዎቹ ጋር ወደ ማሳ እወርዳለሁ፤ ሃያ ሰው ጎንበስ ብዬ ሳርም ያየኛል። ምግቡ በሰዓቱ ሲመጣ ሁሉም ሰው፣ ከሁሉም በላይ አባቴ፣ ቤቱ ያለ እኔ እንደሚበላ በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያ የሚቀረኝ የሚኒባስ ወንበር ብቻ ነው።

ወንድሜ እንዳይሳሳት ደግሞ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሥራውን አቀለልኩለት። የሃያ ሰው ሽሮና የሃያ ሰው በሶ ሰፍሬ፣ ለዚያ የሚበቃውን ጨው ከዱቄቱ ጋር አብሬ ቀላቀልኩት። ትንሽ ናሙና ሠርቼ ነርሷን አስቀመስኳት። ልክ ነው፣ ምንም አትንኪው አለች። በራሴ ኮራሁ። ይህን ከእኔ በፊት ያሰበ ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ በየሱቁ ሊሸጥ የሚችል ነገር እንደሆነ ሁሉ፣ ቆርቆሮዎቹን ደርድሬ አየኋቸው። ጠዋት ስወጣ ወንድሜ ተኝቶ ነበር። በሩን ደብድቤ «ዱቄቱ ተዘጋጅቷል፣ አንተ እንደ ወረቀቱ አድርግ» አልኩት። ነርሷ ሲደርስ ትቀምስልሃለች አልኩና ሄድኩ።

ወረቀቱ ጨው ይላል። ሐምሌ ላይ የጻፍኩት ነው።

ነርሷን ደግሞ በዚያው ጠዋት ለክትባት ወደ ገጠር ይዘዋት ወጡ።

ማሳው ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንደ ንግሥት ነበርኩ። ዝናቡ አልፎ አልፎ ያጥበናል፣ እኛም ፕላስቲክ እንለብሳለን፣ እናወልቃለን። የሰፈራችን ሴቶች ምነው ዛሬ ወጥ ቤት ማን አለ እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔ ደግሞ ወንድሜ አለ እላለሁ፣ እንደ ቀላል ነገር። ይሳሳቃሉ። አባቴ ከወደ ዳር ሆነው ያርማሉ፤ አይናገሩም፤ ጆሯቸው ግን ከእኛ ጋር ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባጃጁ በመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ፤ ሰማያዊ መሆኑ እስኪጠፋ ድረስ ጭቃ ለብሷል። ወንድሜ አገልግሉን በትከሻው፣ ድስቱን በእጁ አድርጎ መጣ። ሽሮው ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንድ ጉጉል የሌለበት ነበር። በሶው እኩል እኩል ሆኖ ተድበልብሏል። ድንቹ ተልጧል፣ አንዴ ብቻ። እውነቱን ለመናገር ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ከመካከላችን ያሉ አንድ ቄስ ባረኩ። ተበላ።

መጀመሪያ የጠፋው ጨዋታው ነው። ሃያ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ሲያወካ ቆይቶ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። እኔ ጣፍጧቸው ነው ብዬ ነበር። ከዚያ እኔም ጎረስኩ።

በወንፈል ምግብ አይነቀፍም። ደግ ልማድ ነው፤ ግን ሰውን ያሠቃያል። ሁሉም ያኝካል፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል፣ ሁሉም እጁን ወደ ውሃው ይሰዳል። አንዱ ጀሪካን ውሃ ከመቅጽበት አለቀ። ጠላው ተከተለ። አንድ ሽማግሌ ሦስተኛውን ጣሳ ጨልጠው፣ ጺማቸውን ጠርገው፣ ዘንድሮ የዚህ ቤት ጠላ እንዴት ያለ ነው፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ጠጥቼ አላውቅም ብለው መረቁ። ጠላውን አመሰገኑ፤ ሌላ የሚያመሰግኑት አጥተው። ከጎኔ የተቀመጡት ጎረቤታችን ግን፣ ምላሳቸው በመንደሩ የታወቀ ሴት ናቸው፣ ልማዱንም ሳይጥሱ፣ እኔንም ሳይምሩ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«እንደው ልጄ፣ ጨዉን ከየት አገኛችሁት? በእኛ ሰፈር ሱቅ የለም ሲሉን ሰንብተው ነበር እኮ።»

ሰው ሁሉ ሳል ያዘው። እኔ ወንድሜን በክንዱ ጎትቼ ወደ ባጃጁ ወሰድኩት።

ጨው ጨመርክ ወይ አልኩት። ወረቀቱ ይላል አለ። እኔ እኮ ከዱቄቱ ጋር ቀላቅዬዋለሁ አልኩት። ፊቱ ላይ ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባው አየሁ። ከዚያ እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩትን ነገር ተናገረ።

«ታዲያ ወረቀቱን ማስተካከል የማን ሥራ ነው?»

ዘወር ስል አባቴ ድርሻቸውን ሲበሉ አየኋቸው። ቀስ ብለው፣ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ ወጡን በእንጀራ እየጠረጉ ጨረሱት። በሶውንም አስከትለው ጨረሱት። ውሃ አልጠየቁም፤ አልነበረምም። ሰዉ አንድ በአንድ እግሬን ልታጠብ እያለ ወደ ወንዙ መውረድ ጀመረ። በነሐሴ ዝናብ፣ በጭቃ ማሳ ላይ፣ ሃያ ሰው እግሩን ሊታጠብ። ተመልሰው ግን አረሙን እስከ ምሽት ጨረሱት። አንድም ሰው ቀድሞ አልሄደም። ስማችን ለገና የሚበቃ ወሬ እንዳገኘ ግን ከአካሄዳቸው ያስታውቅ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን፤ ወንድሜ ባጃጁን ከጭቃው እየገፋ ይከተላል። እኔ ሞጣን ቀብሬ መመለሴ ነው። ያቺ ሌላይቱ ልጅ፣ የማላውቃት፣ በእኔ ቦታ ተቀምጣ ስክሪን ስትፈታ በዓይኔ ይታየኝ ነበር። ለአባቴ ምን ብዬ እንደምጀምር እያሰብኩ ነው፤ ጥፋቱን በወንድሜ ላይ ላድርገው ወይስ በነርሷ፣ ወይስ በክትባቱ። እውነቱ የእኔ መሆኑ ነው ያስቸገረኝ። ሥራ አቀላለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ያሠራሁት እኔ ነኝ።

በራችን ላይ አባቴ ቆሙ። ወንድሜ እስኪደርስ ጠበቁት።

ወጡን ብቻህን ነው የሠራኸው ብለው ጠየቁት። አዎ አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። በሶውንስ? እሱንም። ማንም ሳይረዳህ፣ ለሃያ ሰው? አዎ። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺም ጨው ጨምረሻል?»

«ጨምሬአለሁ» አልኩ።

«እሱም ጨምሯል።»

«አዎ።»

ከቦት ጫማቸው ላይ ጭቃውን የሚፍቁበትን እንጨት ከበሩ ጥግ አነሡ።

«ሁለት ሰው ጨው ከጨመረ አንዱ ትርፍ ነው» አሉ። «ጾሙ ሲፈታ ሂጂ። አሁን ውሃ አምጡልኝ።»

ሁለታችንም ሮጥን። አባቴ በዚያን ዕለት የጠጡትን ውሃ አይቼ ነው ያ ሳይለወጥ የዋለ ፊታቸው ምን ያህል እንደደከመ የገባኝ።

ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን መናኸሪያ ያደረሰኝ ወንድሜ ነው። የባጃጅ ተራ ልጆች አሁንም «እሜቴ» ይሉታል፤ እሱ ግን መልስ አለው፣ ለምሳ ማን ቤት እንደምትመጡ አውቃለሁ ይላቸዋል፤ እውነቱን ነው፣ ሁለቱ ይመጣሉ። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት አንድ ቆርቆሮ አቀበለኝ፤ በሶ ነው፣ ለሱቁ አለኝ። ምስጋና አይሆንልኝም፤ ሂድ ባጃጅህን ንዳ አልኩት።

ሞጣ ስደርስ እናቴ አላቀፈችኝም፤ መጀመሪያ ቤት ማን እንደቀረ ጠየቀች። ብቻቸውን ናቸው አልኳት። ማን ያበላቸዋል አለች። ራሳቸው አልኳት። እናቴ ከዚያ በኋላ ለልጅቱ ክርስትና የቀሩትን ቀናት እኔ ከቆጠርኩት ይበልጥ እየቆጠረች ኖረች። በየማታው ለአባቴ ትደውላለች፤ ምን በሉ ብላ መጠየቅ ትታለች፤ ድስቶቿ ደኅና ናቸው ወይ ብቻ ነው የምትለው።

ሱቁ ውስጥ የመጀመሪያ ቀኔ የዋለው አቧራ በብሩሽ በመጥረግ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ክዳኑ ሥር ወረቀት ተጣጥፎ ነበር፤ ከሒሳብ ደብተሬ የተገነጠለ፣ በወንድሜ ትልልቅ ፊደል።

«ጨው አለው። አትጨምሪ።»

በሳህን አድርጌ፣ ውሃውን በመዳፌ እያንጠባጠብኩ፣ አሸሁት። ጾም አልነበረም፤ ቀመስኩት።

ጨው የለውም።

ባለ ሱቋ ከማጉያ መነጽሯ ቀና ብላ ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቀችኝ። ቤቴ ያለ እኔ በልቶ እንዳደረ ነገርኳት፤ ጨው ካላትም ትንሽ እንድትሰጠኝ ለመንኳት።